ወዝ

ከቤርሳቤህ መናኸሪያ ማዶ፣ በገበያው አዳራሽ ደጅ፣
የሰው ቦርሳ ከፋች፣ የሰው ቦርሳ ዘጊ ነኝ እንጅ
ሌላ ሙያ የለኝም።

የደንብ ልብሴ ሰማያዊ፣ የወንበሬ እግር የላላ፤
ፊቴ ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ
ከአፍንጫዬ ጫፍ ይነሣና ግንባሬን ያዳርሳል፣
ፋኖስ የለኮስሁ ይመስላል።
«አሞሃል?» ይላሉ ሴቶች፣ ዱባቸውን እንደታቀፉ።
«ምን ደብቀህ ነው የሚያልብህ?» ይላሉ ጎረምሶች ሲያልፉ፤
ፈታሹን ሲፈትሹት።

እኔ በተወለድሁበት፣ በአርማጭሆ ቆላ፣
ወዝ ሙገሳ ነበር፣ ሰው ለሰው የማይሳሳበት።
ሙሽራዋ ወዛች ሲሉ፣ ተመቻት።
ልጁ ወዛ ሲሉ፣ ጠገበ፣ ከረሀብ ወጣ።
ፊቱ የደረቀውን ነው «ምን ጎደለብህ?» የሚሉት።
እዚህ ግን በጠርሙስ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል ተጻፈ፤
«ለወዛም ቆዳ» ተባለ፤
ሙገሳዬ ከበሽታ ተራ ገብቶ ተሰለፈ።

ጦርነት ከፈትሁ።
በየሰዓቱ ሽንት ቤት እየገባሁ
ያንን አረንጓዴ የእጅ ሳሙና ፊቴ ላይ ደፋሁት፣
በሻካራ ወረቀት እንደ ገብስ ፈተግሁት።
አንድ ሳምንት አልኮል፣ አንድ ሳምንት ሎሚ።
ስስቅ ጉንጬ ይሰነጠቃል፣ ቆዳዬ ይንጫጫል፣
ከስንጥቁ ሥር ደግሞ ወዙ እጥፍ ሆኖ ይመነጫል።
በዚያ ላይ ሻራቩ ተነሣ፣
የነጌብ አቧራ ማደሪያ አጥቶ
ግንባሬ ላይ ሰፈረ።

ኦስናት ናት ያስቆመችኝ፣ የጓዴ ልጅ፣
መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነጭ ካፖርት የምትለብሰዋ።
ቦርሳዋን ልትከፍትልኝ ስትል ቀና ብላ አየችኝ።
«ጋሼ ሙላልኝ፣ ፊትህን ምን አድርገኸው ነው?»
«ወዙን ላደርቅ ብዬ።»
«እሱማ ነው ያበዛው። ቆዳ ሲጠማ
የሚያለቅሰው ቅባት ነው። በፋቅኸው ቁጥር ይደነግጣል፣
በደነገጠ ቁጥር ያፈስሳል።
ሳሙናውን ተው። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ፣ በቀስታ።
ከዚያ ይኼን፣ የአተር ፍሬ ታህል፤
ዘይት የለበትም፣ ውሃ ነው የሚይዝልህ።
ደጅ ስትወጣም የፀሐይ መከላከያ እንዳትረሳ።»
ሳቅሁ። «በዝናብ ላይ ውሃ ልጨምር?»
«በተጠማ ላይ» አለች፣ ቦርሳዋን ዘግታ ገባች።

የዚህች ከተማ ስሟ ጉድጓድ ነው፣ የመሐላ ጉድጓድ።
አቧራ ላይ ቆመው ውሃ የተማማሉባት።
እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ኖሬባት
ከቆዳዬ በታች የሚጠማ ነገር መኖሩን
ዛሬ ገና ሰማሁ።

ማታ መስታወት ፊት ቆምሁ።
ፊቴን በጣቴ ጫፍ ነክቼው አላውቅም፣
በውሃ ጥፊ እንጅ።
ቅባቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሽታ የለው፣
ቆዳዬ ጠጣው፤ ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ።

አትጠገብ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።
«በእርጅናህ ለማን ልታምር ነው?»
ከዚያ ሳቋን አቋርጣ መዳፏን ዘረጋች፤
በክሎሪን የተላጠ፣ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ የደማ፣
የሆስፒታሉን ኮሪደር ሃያ ሁለት ዓመት የወለወለ መዳፍ።
«ለኔም ጠብ አርግልኝ።»
«የኔ እኮ ለወዛም ነው፣ ላንቺ አይበቃሽም።»
«እውነትህን ነው» አለች። «የኔ ወዝ ወለሉ ላይ ቀርቷል።»

መልስ አልነበረኝም።
ያለችውን አተር ለሁለት ከፈልኋት፣
ጣቷን አንድ በአንድ አሸሁላት።
በማግስቱ፣ ሥራ ሳልገባ፣ ኦስናት ዘንድ ሄድሁና
ወፍራሙን ገዛሁ፣ ለደረቅ እጅ የሚሆነውን።

አሁን ወሩ ተገባደደ።
ፊቴ ዛሬም ያበራል፣ አልዋሽም፤
ግን አይነድም፣ አይሰነጠቅም።
ትናንት አንዱ ጎረምሳ ቦርሳውን እያስፈተሸ
«ምን ሆነህ ነው የምታብለጨልጨው?» አለኝ።
ዚፑን ዘጋሁለት።
«ወዝቼ ነው» አልሁት። «እለፍ።»