በሩን ሳልዘጋው

ዳይሬክተሩ ወጣ «ኮከቦቼ» ብሎ፣
ንግግሩን ጨርሶ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ።
አሁን የኔ ተራ፤ ዘበኛው ልናገር፣
ቁልፉ በእጄ ሳለ፣ ሳይዘጋ ይኼ በር።

ኮከብስ አይደላችሁም። ኮከብ አይራብም፣
ኪራይ አይጠየቅም፣ ጫማው አይቀደድም።

ዊልመር፣ «አንተማ ልጄ ነህ» ያለህ ባለጀልባ
ልጁን ከፍሎት ያውቅ እንደሁ ጠይቅ ሳትገባ።
የሴንያ፣ ያ ልጅ ሞተር ይዞ ሲመጣ፣
ነዳጁ ከየት ነው? ከናቱ ቦርሳ ነው የወጣ።
ኦክታቪዮ፣ ስምህን በምስማር ጻፍክበት
አሥራ አንድ ዴስክ ላይ፤ እኔ ነኝ የፋቅኩት።
ሻካራ ወረቀት ይዞ የሚከተል
ሰው አለ ሁልጊዜ፤ ስሙን ጠይቅ በል።

ዲፕሎማውን እናት ትስቀለው ግድግዳ ላይ።
ከባሕር አፍ አድጎ ዋና የማይችል የለም ወይ?
ግማሻችሁ! ተማሩ። ባሕር ውጤት አያይ።

የቺምቦቴ ዓሣ ዱቄት ልብሳችሁን ቢይዘው፣
አትፈሩ፣ በሊማ አውቶቡስ ሲሸሻችሁ ሰው፤
ያ ሽታ ነው ደብተራችሁን የገዛው።

እኔ? በዚሁ በር በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወጣሁ፣
ለጓደኛዬ ዋስ ሆንኩ፣ የአባቴን ጀልባ አጣሁ።
ዛሬም ገበያ ስንገናኝ ያ ሰው ይስቃል፣
እኔም እስቃለሁ።
ሆዴ ግን ያውቃል።
ዋስ ሁኑ ካሏችሁ ገንዘቡን እንደሰጣችሁት ቁጠሩ፣
ካልቻላችሁ ደግሞ «እምቢ» ማለት ልመዱ፣ አትፈሩ።

ሌላም ነበር፣ ረሳሁት። አትዩኝ ቆማችሁ።
መዝጊያው ከብዶኛል፤ ግፉልኝ፣
በውጭ በኩል ሆናችሁ።