ሌባ ጣት

ቫልዲቪያ ይዘንባል። ከመድን ቤት ወንበር
ኢሳውሮ ተቀምጧል፣
በሰባተኛው ወር እጁን ሊያስቆጥር።

ሰንጠረዡን ይዛ፣ መነጽሯን ገፍታ፣
«የትኛው ነው?» አለች ቀና ብላ ላፍታ።
«አውራ ጣት ውድ ነው፤ ጠቋሚም ያወጣል፤
የቀለበት ጣት ግን ከሁሉም ያንሳል።»

እኛ ሌባ ያልነው እዚያ ዋጋው ንሯል፣
ኪዳን የተሸከመው በርካሽ ተሽጧል።

«ቀለበቱስ? ጠፍቷል? ደረሰኙ ካለ
ይካሳል» አለችው። እሱ ግን ዝም አለ።
ያን ቀን ጓዶቹ፣ ሰጋቱራ ነፍተው፣
ወርቁን አገኙለት፤
በጣቱ ግን ውሻ ቀደማቸው።

ፈረመ። ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ
በቀኙ ሞከረው፤ የቀኙ ጣት ወፍራም፣
አንጓው ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍም።

«ቀጣይ!» አለች።
ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም።