ከዜሮ መቁጠር

ጣሪያው ዛሬም ሰርዲን ሰርዲን ይሸታል፤
ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል።
ዓሣ በቆርቆሮ ይታሸግበት በነበረው አዳራሽ
ሃያ ኮምፒውተር ደረደሩና
በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፦
«የሞባይልና የድረ ገጽ መተግበሪያ ሥልጠና፣
ስድስት መቶ ሰዓት፣ ማታ ማታ፣ በነጻ።»
የጋሊሲያ ዝናብ በማግስቱ ግማሹን ፊደል አጠበው፤
ሥራ ያጣ ግን የተረፈውን አንብቦ መጣ፦
ጡረታ የገፋው የአውቶቡስ ሾፌር፣
ልጇን በጋሪ እየገፋች የምትማር እናት፣
እና እኔ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣
ከመስኮቱ ሥር የተኮፈስኩ።

ከጎኔ የደረሰችኝ ኤርመሊንዳ ነበረች፤
ባሕሩ ሲጎድል ከጭቃው ዛጎል ስትጭር
አምሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣
አንዱን ቁልፍ ልንካ ስትል ሦስቱ አብሮ የሚጫንባት።

«ቆጠራ» አለ መምህራችን ብራይስ «ከዜሮ ነው የሚጀምር፤
የዝርዝሩ መጀመሪያ ዜሮ ነው፣ አንድ አይደለም።»
እጇን አነሣች። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ዛጎል ቆጥሬአለሁ፤
የመጀመሪያውን ዜሮ ያለ ሰው አላየሁም።»
ሳቅን። እኔማ እንባዬ እስኪመጣ።
እሷ መዳፏን እያየች ትንሽ ቆየችና
«ቆይ... ባልዲው ነው ለካ» አለች፤
«ውሃው ዳር ስደርስ በእጄ ያለው ባዶ ባልዲ።
እሱን ያልቆጠረ፣ ማታ ስንት ሞላሁ ሊል ነው?»
ብራይስ ብዕሩን ከደነ፤
ያን ማታ ሌላ ምሳሌ አልሰጠም።

ብርዱን እንዲህ ገፋነው።
ስህተቱ በቀይ መስመር ሲግተለተልባት
እንደ ሰካራም ጎረቤት ትገሥጸዋለች፦
«አንዴ ተናገር፣ ሰምቻለሁ፣ አትጩኽብኝ!»
ኮዱን በእርሳስ ትገለብጣለች፣ የገበያ ሂሳቧ ባለበት ደብተር፤
ከግራ ኪሎና ዋጋ፣
ከቀኝ «ይህ ከሆነ»፣ «ይህ ካልሆነ»፤
አንዳንዴ ሁለቱ መስመር ስተው ይቀላቀላሉ።

ለመመረቂያ፣ ለማኅበሯ ሴቶች መተግበሪያ ሠራን፤
ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት የሚነግር።
«ጉድለት» ብላ ስም አወጣችለት፤
ስምን መልአክ ያወጣዋል መባሉ ኋላ ነው የገባኝ።
«በጓንት የማይነካ ቁልፍ፣ ቁልፍ ነው?» ብላ
የሣልኩትን ሁሉ አሰፋችው፤ ቁልፎቼ ብስኩት አከሉ።
የሰዓቱን ስሌት እኔ ጻፍኩ። በኩራት። በአንድ ሌሊት።

በመጋቢት አንድ እሑድ ንጋት
አገሩ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ
የእኔ መስመር እንደ ተኛ ቀረ።
ሠላሳ አንድ ሴት መጫሪያና ባልዲ ይዘው ወረዱ፤
ባሕሩ ገና እስከ ወገብ፣ ቦታውን አልለቀቀም።
ዶሪንዳ ስልኳን ወደ ውሃው ዘርግታ
«ጎድሏል ይላል እኮ! ንገሪው እንጂ!»
አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተደርድረው
ዳቦ ተካፈሉ፣ ሰው አሙ፣ እግራቸው ደነዘዘ።
«ጉልበቴ ገና ነው ብሎኝ ነበር» አለችኝ ኤርመሊንዳ በኋላ፣
«ስልኩን አመንኩ እንጂ። እኛ ስለጻፍነው።»

ሰኞ ማታ ገና ሳትቀመጥ «የቱ ጋ ነው?» አለች።
ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ።
የማን እጅ እንደሆነ ለሠላሳዎቹ አልነገረችም።
በአንዲት ጣት፣ ቀስ ብላ አረመችው፤
ቀጥላ የጥቅምቱን እሑድ ሞከረች፣
ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስበትን፣
እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን።

ምስክር ወረቀት በታደለበት ቀን ወንበሯ ባዶ ነበር፤
ከንቲባው ስሟን ሁለቴ ጠራ።
ስልኬን አየሁ፤ «ጉድለት፦ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ» ይላል።
ወረቀቷን በጃኬቴ ሥር ይዤ ወረድኩ።
ጎንበስ እንዳለች ናት፣ ጭቃው እስከ ክርኗ፤
«ጣለው እዚያ ባልዲ ውስጥ» አለች ቀና ሳትል።
ባልዲው ገና ባዶ ነበር።