ስምንት ሰው፣ አንድ ባልዲ

ከባሕሩ ጥግ ላይ፣ ጀልባው ከሚቆምበት፣
በሼትላንድ ደሴት ዛፍ ከማይበቅልበት፣
ቆርቆሮ የለበሰ አንድ አዳራሽ አለ፣
ነፋስ ሲጎትተው «አልሄድም» እያለ።
ባለቤት የለውም፤ ደመወዝ አይከፍልም፤
ዘበኛም አያውቅም።
ቁልፉ ድንጋይ ሥር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤
ሌባ ቢመጣ እንኳ መጥረጊያ ይሰጠዋል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ማንም አልመረጠኝ፤
እስክሪብቶ ይዤ መምጣቴ ነው የጎዳኝ።
የሳምንቱን ዝርዝር በሩ ላይ ለጠፍኩት፣
ዝናብ እንዳይልሰው በላስቲክ ሸፈንኩት፦

ሰኞ፣ ለአዛውንቶች፣ በወንበር ላይ ስፖርት፤
(አሠልጣኟ ኦስላ፣ ራሷ ሰማንያ ሁለት።)
ማክሰኞ፣ የልጆች የቫዮሊን ልምምድ፤
ጆሮውን የሚወድ በባሕር ዳር ይሂድ።
ረቡዕ ባዶ ነው። ረቡዕ ሁሌም ባዶ ነው፤
ለምን እንደሆነ ጠይቆም ሰው አያውቅ።
ሐሙስ፣ የበግ ሾርባ፤ ሳህን ከቤት ማምጣት፤
ዋጋው እንደ ኪስ ነው፤ ከሌለም ምርቃት።
ቅዳሜ፣ ከሎውሪ ቀብር መልስ፣ ሻይ።
ወንበሩ ሰባ ነው። ሰዉ አርባ አንድ ነበር፤
አሁን አርባ።
«መጸዳጃ ቤቱን የሚያጸዳ፦» የሚለው መስመር
እንደ ረቡዕ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉም በታች፣ በቀይ ቀለም፦
«ዓርብ፣ ማታ አንድ ሰዓት። ውሳኔ አለ።»

ጣራው ያፈስሳል፣ ሦስት ክረምት ሆነው፤
ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ ባልዲው ነው።
ካዝናችን ውስጥ ያለው አዝራርና ሳንቲም፤
ከፒያኖው በቀር የሚሸጥ ነገር የለም።
ለርዊክ ያለ ሆቴል «ልግዛችሁ» ብሎ ጽፏል፣
ሆዱን ባዶ አድርጎ ጠርሙስ ሊደረድርበት አስቧል።

«ጣራ ሳይኖር» አለች ገርዚ፣ «ፒያኖ ለማን ነው?
ለዝናብ?»
ራስሚ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ፒያኖ ሳይኖርስ፣ ጣራው ማንን ይከልላል?
ወንበር?»
ኤፒ ሹራብ መሥራቷን ሳታቋርጥ እጇን አወጣች፣
ለየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ሁለቴ ተጠየቀች።

ይሸጥ፦ አራት።
አይሸጥ፦ አራት።
ሰብሳቢዋ ኦስላ መነጽሯን አወለቀች፤
«እኔን አትጨምሩኝ፤ አልፈርድም» አለች፤
«አራታችሁን ባስከፋ፣ ሰኞ በስፖርቱ
ማን እጁን ያነሣልኛል?»

ዝም አልን። ነፋሱም ትንፋሹን ሰበሰበ።
ያን ጊዜ ነው ጠብታው መንገዱን የሳተ፤
ባልዲውን አልፎት፣ ክዳኑ በተከፈተ
በፒያኖው ሆድ ገብቶ፣ ካረጀው ሽቦ ላይ
ዱም
አለ።
አንድ ወፍራም፣ የዛገ፣
ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው የሚመስል።

«ጸሐፊ» አለ ራስሚ፣ «መዝግቢ። ድምፅ ሰጥቷል።
ከሁላችን በፊት እዚህ አባል ሆኗል።»
ገርዚ ብድግ አለች፦ «የለም! የመታው ጣራው ነው!
ድምፁ የጣራው ነው፣ እሱ ነው የወደቀው!»
ሻይ እስኪፈላ ድረስ በዚህ ተከራከርን፤
ጮኾ ባለ ሽቦው፣ መትቶ ባለ ጣራው፣
የድምፁን ባለቤት ለይቶ ያወቀው
ከመሃላችን አልተገኘም።

ከበሩ አጠገብ ባቢ ተቀምጣ ነበር፣ የሎውሪ ሚስት፤
የነገውን ሻይ ልታስይዝ መጥታ፣ ማንም ሳይቆጥራት።
«ቆርቆሮ አለ» አለች።
«ለጀልባው ቤት የገዛው። ሃያ ሁለት ቅጠል፣ ከነምስማሩ።
እሱ ከእንግዲህ...»
ቀሪውን ለኮቷ ቁልፍ ነገረችው።

ማንም አላጨበጨበም። ኤፒ ሹራቧን አስቀመጠች፣
በዚያ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በመዝገቡ እንዲህ ጻፍኩ፦ አራት ለአራት፤
አንድ ድምፅ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ።
ሰኞ፣ ከስፖርቱ በኋላ፣ መሰላል ያለው ይምጣ፤
መሰላል የሌለው መሰላል ይያዝ።

ሁሉም ሄዱ። ባልዲውን ውጪ ደፍቼ መለስኩት፤
እስከ ሰኞ ሥራ አለው።
ቁልፉን ከድንጋዩ ሥር ላኖር ጎንበስ ስል
ዝርዝሩን በባትሪ አየሁት፦
«መጸዳጃ ቤቱን የሚያጸዳ፦»
እስክሪብቶው አሁንም በእጄ ነው።
ላስቲኩን ገልጬ፣
በርዶኝ፣
ስሜን ጻፍኩ።