በሽታ የሠራሁት መንገድ

መጀመሪያ ከበርሜሉ፣ ኋላም ከማንጎው ግንድ ጋር
ሲላተም አየሁት ገስጥን፤ የጥቅምት መጨረሻ ነበር።
አንድ ማታ በገዛ ደጄ ጮኸብኝ፣ እንደ ሌባ፤
ድምፄን ሲለይ ግን አፈረ፤ ጭራውን ወሽቆ ገባ።

አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ በባትሪ አይቶ
«ሞራ ነው» አለኝ፣ «እርጅናም አለ»፣ መብራቱን አጥፍቶ፤
«ግድ የለም፣ ውሻ በአፍንጫው ይኖራል፤ ብቻ አደራ፣
ዕቃ አታዘዋውርበት ከለመደው ስፍራ።»

ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ዶማዬን አነሣሁለት፤
በሽታ የወሰደውን መንገድ በሽታ ልመልስለት።

ሽምብጥ ነው ቤቴ፤ ጓሮዬ ወደ ሐይቁ ያዘቀዝቃል፤
ጌሾ ነበረበት ድሮ፣ አሁን ሰርዶ ብቻ ይበቅላል።
ጉሎውን ከሥሩ ነቀልኩ፤ ፍሬው ለውሻ መርዝ ነው፤
ቅንጭቡንም ቆረጥኩት፤ ወተቱ ዓይን ነው የሚያጠፋው።
(ለገስጥማ ምን ቀረው? ለድመቷ ነው፣ ለዳንቴል።)

ከደጃፉ በሶብላ ተከልኩ፣ ረድፉን ግራና ቀኝ፤
ከውሃው ገንዳ ጤና አዳም፣ ከማንጎው ሥር ጦስኝ።
የጎረቤት ልጅ ልዕልና «ጣና አዳም» ትለዋለች፤
ላርማት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን አጠፋች?

እናቷ እንጉዳይ በአጥር ላይ፣ «ጋሼ ዘመነ፣ ምነው ምነው!
ሽንኩርት በዚህ ዋጋ ሳለ፣ ይህ ሁሉ ለውሻ ነው?»
«ለድመትም ነው» አልኳት፣ «ለኤሊም።»
ሳቀች። በማግሥቱ ግን አንድ ጆንያ ፍግ ላከችልኝ።

ዳንቴል ችግኙ ብቅ ሲል መደቡን ሽንት ቤት አደረገች፤
ከሐይቁ ዳር አሸዋ ተሸክሜ ጥግ ላይ አነጠፍኩላት፤
አሸዋው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣
ሌላውን ጉዳይ እዚያው መደቡ ላይ ትጨርሳለች።
ቀስበቀስ ያልናት ኤሊ የተከልኩላትን ሰላጣ
ዞር ብላም አላየችው፤ ለራሴ ያልኩትን ቆስጣ
ጠርዝ ጠርዙን ዞራ በላች።
ዕንቁላሏ እስካሁን በእግሩ አልሄደም፤ እሷ ግን ትደርሳለች።

ሰባት ቀን በገመድ መራሁት ገስጥን፣ ጠዋት ጠዋት፤
«ይኸውልህ በሶብላው፣ እዚህ ጋ ዙር፣ ይኸው ውሃህ ያለበት።»
በስምንተኛው ፈታሁትና እጄን አጣምሬ ቆምኩኝ፤
አትክልተኛም እንደ ሰርግ ቤት አሳላፊ ምርቃት ይጠብቃል መሰለኝ።

በቀደዱለት ቦይ የሚፈስ ውሃ ነው እንጂ ውሻ አይደለም።
በሶብላውን ረግጦ አለፈ፤ አንዴ አነጠሰ። ጤና አዳም
አላለም፤ ጦስኝ አላለም፤
ቁልቁል ወረደ ቀጥ ብሎ፣ አጥሩ ወደ ወደቀበት፣
ሁለት ቋሚ ወደ ጎደለበት፣ ምንም ወዳልተከልኩበት።
(ጉማሬ ነው የጣለው ይላሉ። ነፋስ ነው እላለሁ እኔ።)
ከሰርዶው ላይ ተጋደመ፤ አፍንጫውን በክፍተቱ አሾለከ።

ጠጋ አልኩ። ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ቋ አለ።
እኔም በዚያው አሸተትኩ፦
ደንገል፣ ጭቃ፣ የረጠበ ገመድ፣ የቀረሶ ቅርፊት፣
ትንሽ የጀልባ ናፍጣ፣ ከሩቅ የሚጨስ ኩበት።
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣ እኔ ጎልማሳ ሳለሁ፣ እሱ ቡችላ፣
ከይርሳው ታንኳ አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር፣ የዓሣ ራስ እየበላ።
ይርሳው ሞቷል፤ ታንኳውም በስብሶ ውሃው ውስጥ ቀረ።
ለእኔ ተረሳ የተባለው ሁሉ፣ ለእሱ እዚያው ነበረ፤
አንድ በአንድ ያነበዋል ጆሮው ሳይንቀሳቀስ፣
ከድንጋዩ እስከ ደንገሉ፣ ምናልባትም እስከ ዘጌ ድረስ።

በሶብላውን አሁን ልዕልና ለወጣቸው እየቆረጠች ትወስዳለች።
ለአጥሩ የገዛኋቸው ቋሚዎች ግድግዳ ተደግፈው አሉ፤
«አጥሩስ?» ትላለች እንጉዳይ፣ «ሌባ ቢገባስ?»
«ነገ» እላታለሁ።
ነገ ነገ ሲባል ሁለት ወር ሆነ፤
ዳንቴል ጥፍሯን እየሳለችበት አንደኛው ቋሚ መሃሉ ቀጠነ።