ያነከሰው ምት

በባቡር ነው የመጣው፣ ከጅቡቲ ወዲህ፣
ከበሮውን በአምስት ጆንያ ጠቅልሎ፤
የጣቢያው ተሸካሚ ስሙን ቢጠይቀው
"ዳኒሎ" አለ። "ዳኜ!" አለው፣ ጭነቱን ካናቱ ጥሎ።
ዳኜ ሆኖ ቀረ።

ከማኒላ የወጡ አምስት ነበሩ፣ የመርከብ ሙዚቀኞች፤
ሆቴሉ ሦስት ወር አጫውቶ ደሞዝ ሲከለክል
አራቱ በሌሊት ወጡ፣ እንደ ሌቦች።
አምስተኛው ቀረ፤
ዕዳ ነው፣ ወባ ነው፣ ሴት ነው እየተባለ።
እኔ የሰማሁት፦ ሆቴሉ ከበሮውን በመያዣ ቢይዝበት
"እሱን ጥዬ የት ልሂድ?" አለ።

እኛ የሰፈር ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያልን ስንከተለው
"አቤት" ይለን ነበር፤ ስም አይከብደው፣
አንድ ተጨማሪ ቢጭኑበት ምን ገደደው።

ሮክ ሲመታ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤
ችክችካ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቀጥ ይላል፤
አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ልክ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ፣
እግር የሚያሰልፍ፣ ትከሻ የማያነቃንቅ።
ዘፋኛችን ዘውገ መድረክ ላይ ዞሮ ይቆጣል፦
"ሰውዬ፣ ይሄ ዘፈን ነው፤ ማን እዚህ ደሞዝ ይቆጥራል?"

አንድ ከሰዓት ከመናኸሪያ የከድርን ጋሪ ያዘ።
ፈረሱ የኋላ ግራ እግሩን ያነክሳል፤
አስፋልቱ ላይ ኮቴው
ከችከች... ከች፣ ከችከች... ከች እያለ ይገሰግሳል።
ዳኜ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤
መውረጃው ደረሰ፤ አልወረደም። "ሂድ" አለ። "ሂድ።"
የወንጂ መገንጠያ ደርሰው ዞሩ፤ ሌላ ዙር ተጀመረ፤
እስኪመሽ፣ ኪሱ ባዶ እስኪሆን፣ እንደ ዞረ ቀረ።
የዚያን ማታ ዘውገ ዘፈኑን አቁሞ አየው፦
"ማነው ያስተማረህ?"
"ከድር።"
"ባለጋሪው? እሱ ምን ያውቃል?"
"ፈረሱ ነው።"

ኋላ የካሴት ዘመን መጣ። ከገበያው ጀርባ ጎተራ ተከራየ፤
ግድግዳውን በስኳር ጆንያና በእንቁላል ካርቶን ለበጠ፤
ጆንያው ባዶ ነው፤ ለጉንዳን ግን ይህን ማን ይንገረው፣
ማይክራፎኑ ላይ ሳይቀር በሰልፍ ሲወጣ ታየ።
እኔ የፍራሽ ሠራተኛ ነበርኩ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፤
መስኮቱ ላይ ደግፌ መያዝ፣ በሁለት እጄ፣ በደረቴ።
የናዝሬትን ነፋስ የማያውቅ ይህን ሥራ ይንቃል፤
አሸዋው ካሴት ውስጥ ገብቶ የስንቱን ድምፅ ፍቋል።

ትርፌን የቀዳን ዕለት፣ ስድስተኛው ሙከራ ላይ፣
ልጅቷ የመጨረሻውን ስንኝ ልትለቅ ትንፋሽ ስትስብ
ባቡሩ ጮኸ። ረጅም። ፍራሼን አልፎ፣ ጆንያውን ሁሉ አልፎ።
"ተበላሸ!" አሉ። ጊታር መቺው ቁጭ አለ፣ እጁን አጣጥፎ።
ዳኜ ቴፑን መልሶ ሰማ። ሁለቴ። ሦስቴ።
"በቃ፣ ይሄው ነው። ባቡሩ ቤቱን ጠብቆ ነው የገባው፤
ካንተ ይሻላል" አለው፣
ሁልጊዜ የሚዘገየውን የቤዝ ልጅ።

ሽፋኑ ላይ በትንንሽ ፊደል፦ ከበሮ፣ ዳኜ። ቅጂ፣ ዳኜ።
የፈረሱ ስም የለም፤ ከድርም አላወጣለትም።

ዛሬ ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛል፤ ጎተራው የጎማ መጋዘን ሆኗል።
መቃብሩ ላይ ሁለቱን ስሞቹን ጽፈናል፤
ሦስተኛውን አፍረን ትተናል።

ትናንት ልጄ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ
"አባ፣ እዚህ ጋ ጩኸት አለበት፤ ላጥፋው?" አለኝ።
አልመለስኩለትም።
እጆቼ ሳላዛቸው ተነሥተው
መስኮቱን ይዘው ነበር።