ማለፊያ ቃል

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወዲያ፣
ነፋስ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት ጤና ጣቢያ፣
ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፣
መጥረጊያና በረኪና በሚያድሩበት ጠባብ ቤት፣
እኔና ስዊቹ ተፋጠናል፤
እሱ አረንጓዴ ዓይኖቹን ያርገበግባል፣
እኔ ሰማያዊውን ገመድ ከጀርባው ሰክቼ
ስሜን እጽፍለታለሁ፣ ባልዲ ላይ ተቀምጬ።

ያውቀኛል። ያስገባኛል። ግን እስከ በረንዳ፤
ከዚያ ወዲያ እንግዳ።
ከስሙ ቀጥሎ አንዲት ምልክት፣ እንደ ጫጩት መንቁር የሾለች፣
«ደረጃ አንድ ነሽ፤ እዪ፣ አትንኪ» ትለኛለች።

አያለሁ።
ሃያ አራቱን በር በተራ አያለሁ።
ካርድ ክፍሉ ተኝቷል፣ ላቦራቶሪው ተኝቷል፣
ሰባተኛው ግን ተዘግቷል።
አይጥ አልበላውም፣ ገመዱ አልላላም፤
ሰው ነው የዘጋው፣ በትእዛዝ፣ በሰላም።
ከጎኑ አማርኛ በላቲን ፊደል ተጽፏል፦
«የክትባት ፍሪጅ። ለቀለም ቅብ። ሰኞ ይከፈታል።»
ሰኞ መጣ።
ጸሐፊው አልመጣም።
ከዚያ ወዲህ ሲስተር አስካለ ሌሊት እየተነሳች
የፍሪጁን ሙቀት በእስክሪብቶ ስትመዘግብ ከረመች።

«ኢኔብል» እላለሁ።
ማለፊያ ቃል ይጠይቀኛል።

ማለፊያ ቃሉን የያዘው አቶ ወንድይራድ አለፈ።
ድንኳኑ ሥር «ማለፊያ ሰው ነበር» ሲባል ሰማሁ፤
እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
በነጠላዬ ጫፍ እንባዬን እየጠረግኩ
ፊደል እቆጥር ነበር፦
ስምንት ይሆን? ቁጥር አለው?
ያለፈ ሰው ማለፊያውን የሚያወርሰው ለማነው?

የልጁን ስም ሞከርኩ። የመኪናውን ታርጋ።
የጣቢያውን ስም ከዓመተ ምህረቱ ጋራ።
ሦስቴ ብሳሳት ስዊቹ አይቆጣም፣
ወደ በረንዳው ይመልሰኛል እንጂ ቃል አይወጣውም።
ቁጡ ሰው ይሻላል፤ ይለመናል።

በሩ ገርበብ አለ። ጋሽ ገመዳ ነው፣
ፎጣውን እስከ ጆሮው ጠቅልሎ፣ የቁልፍ ዘለላው ወገቡ ላይ።
«አልከፈትልሽ አለ?»
«ሥልጣን የለኝም ጋሼ፤ የተፈቀደልኝ ማየት ብቻ ነው።»
ሳቀ። «ለእኔ ደግሞ መክፈት እንጂ ማየት አልተፈቀደልኝም።
አሥራ አንድ ዓመት ይህን ክፍል ስከፍት
‹ግባ› ያለኝ የለም።»
ከዚያ ሶኬቱን ዓይቶ፦ «ለምን አንነቅለውም?
ያኮረፈ ሬዲዮ የሚታረቀኝ እንደዚያ ነው።»

እውነቱን ነው። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፤
የአሥራ አምስተኛ ደረጃ ጌታ፣ እስከዚህም ቢከበር፣
ሶኬቱን ለያዘ ዘበኛ ነው የሚያድር።

እኔ ግንባሩ ላይ ያለችውን አዝራር ተጫንኩ፣
እሱ ነቀለ።
ዓይኖቹ ሁሉ ጠፉ። ከመንገዱ ማዶ
የሞጆ ከባድ መኪና አጓርቶ አለፈ።
ሰካ።
ስዊቹ ከረጅም ሕመም እንደተመለሰ ሰው ነቃ፣
ማን ጌታው፣ ማን እንግዳው እንደሆነ ጠፍቶበት።
የሟቹን መዝገብ ስም ለጊዜው ለውጬበት ገባሁ፤
ከገባሁ በኋላ ስሙን መለስኩለት።
መንቁሯ ሄዳ በቦታዋ አጥር ቆሟል፣
ሁለት ቋሚ፣ ሁለት ወራጅ።
እኔ ከአጥሩ ውስጥ ነኝ።

ይህ ማሽን «ክፈት» የሚል ቃል አያውቅም፤
መክፈት ለፈለገ «አትዝጋ» ነው የሚባለው።
ሰባተኛው በር ላይ ቆሜ ጻፍኩ፦ ኖ ሻት።
ብርቱካን። ብርቱካን። ጋሽ ገመዳ ትንፋሹን ያዘ። ብርቱካን።
አረንጓዴ!
ከኮሪደሩ ወዲያ ፍሪጁ አራት ዲግሪውን ተናገረ፣
ሲስተር አስካለ ሳትነሳ።

አዲሱን ቃል በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ
ለጋሽ ገመዳ ሰጠሁት። ምን እንደሚል አልጠየቀኝም።
ካፖርቱ ውስጥ ከተተና «ማለፊያ» አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ፦
ወንድይራድ የሚለው ስም ከነአሥራ አምስቱ ተቀምጧል።
ይሰረዝ ይላል ደንቡ።
አልሰረዝኩትም። ወደ አንድ አወረድኩት፤
አይንካ፣ ግን ይይ።

ቱሉ ዲምቱ መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄድ።
ቶሎ ብዬ አስቀመጥኩት።